የቶርቲያ መጫኛው ብረት፦ ለበቆሎ ግዙት፣ ለፉርኖ ዱቄት መዳመጫችሁ ይበቃል

ሁለት ክብ የብረት ሰሌዳ፣ አንድ ማጠፊያ፣ አንድ እጀታ። ዕቃው ይኸው ነው። የበቆሎ ሊጥ ድቡልቡሉን በላስቲክ መሐል አድርጋችሁ ሰሌዳው ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ እጀታውን ትጫናላችሁ፣ ቶርቲያው፣ ማለትም የሜክሲኮው ስስ ቂጣ፣ ይወጣል። (ስፔንኛ ሁለት «ኤል» ሲደራረብ «ያ» ብሎ ስለሚያነበው ነው ቶርቲያ የሚባለው፤ ቶርቲላ ያለም ሰው ይግባባል።) እዚህ የምንገመግመው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን፣ ከጥቁር ብረት የተሠራውን፣ ወደ 3 ኪሎ የሚመዝነውን ነው። ቀላሉን የአሉሚኒየም ዓይነትም ጎን ለጎን አይተነዋል። ጥያቄው ድሬዳዋ ውስጥ፣ በዚህ ሙቀት፣ እዚህ በሚገኝ ዶሮ ታኮ (ታጥፎ መሐሉ ሥጋ የሚገባበት ቶርቲያ) እና ኤንቺላዳ (ተጠቅልሎ በሶስ የሚቀርብ ቶርቲያ) ቤቱ ለሚሠራ ሰው ገንዘቡን ያወጣል ወይ የሚል ነው።

ያወጣል፤ ትክክለኛው ዱቄት ከተገኘ። ዱቄቱ ከሌለ ግን ጥሩ የበር መደገፊያ ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ ስለ ብረቱ። ከአሉሚኒየሙ የሚበልጠው በክብደቱ ነው፤ የላይኛው ሰሌዳ በራሱ ክብደት የሥራውን እኩሌታ ስለሚሠራ እጀታው ላይ መንጠልጠል አያስፈልግም። አሉሚኒየሙን ሰው በጉልበት ይጫነዋል፣ ከዚያ እጀታው ከሰሌዳው ጋር የሚያያዝበት ጆሮ ይሰበራል። ስትገዙ ያንን ጆሮ እዩ፤ ቀጭን ከሆነ ተዉት። የብረቱም ጉድለት አለው። በማጠፊያው በኩል ያለው ሊጥ ይሳሳል፣ በእጀታው በኩል ያለው ይወፍራል። መፍትሔው ድቡልቡሉን ከመሐል ትንሽ ወደ ማጠፊያው አስጠግቶ ማስቀመጥ፣ አንዴ ከተጫኑ በኋላ ከነላስቲኩ ግማሽ ዙር አዙሮ በቀስታ መድገም ነው። ላስቲኩን ካነሣን ደግሞ፣ ስስ ጥቁር ፌስታል አይሆንም፤ ይጨማደድና መስመሩ ሊጡ ላይ ይታተማል። ወፈር ያለ የምግብ ማስቀመጫ ላስቲክ ጎንና ጎኑን ቀዳችሁ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት አድርጉት፤ አንዱ ብዙ ጊዜ ያገለግላል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ተራ የበቆሎ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ አቡክታችሁ ብትጫኑት ዳሩ ይሰነጠቃል፣ ከላስቲኩ ሲላቀቅም ይፈረካከሳል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ መጫኛውን ይረግማል። መጫኛው ግን ምንም አላጠፋም፤ በቆሎ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም። ሜክሲኮዎች ችግሩን የፈቱት በኖራ ነው። በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ያሳድራሉ፤ ኖራው ልጣጩን ያላላዋል፣ ስታርቹ በከፊል ያብጣል፣ ሲፈጭም የሚያያዝ ሊጥ ይሆናል። በበቆሎው ውስጥ ታስሮ የሚቀረውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚንም ለሰውነት ይፈታዋል። የተቀቀለውን በቆሎ ኒሽታማል ይሉታል፤ ቃሉ ናዋትል ከተባለው የሜክሲኮ ነባር ቋንቋ ነው፣ ግማሹ «አመድ» ማለት ነው፤ በአመድ ውሃም ይሠራ ስለነበር።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ደርቆ የተፈጨው ዱቄት ማሳ ሃሪና ይባላል። የድሬን ገበያዎች፣ ቀፊራን ወይም ታይዋንን፣ ብትዞሩ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ነው። ከመጣላችሁ ለ250 ግራም ዱቄት 350 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። አቡኩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። ከዚህ 30 ግራም የሚመዝኑ 20 ድቡልቡሎች ይወጣሉ። አንዱን በጣት ተጫኑት፤ ዳሩ ከተሰነጠቀ አንድ ማንኪያ ውሃ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ አንድ ማንኪያ ዱቄት። በድሬ ሙቀት ይህን ፈተና አንዴ ብቻ ማድረግ አይበቃም። ሊጡ ሳህን ላይ ተቀምጦ ይደርቃል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት አምረው አሥራ አምስተኛው ዳሩ የሚቀደደው ለዚህ ነው። መሐል ላይ እጃችሁን በውሃ አርጥባችሁ እንደገና እሹት።

ዱቄቱ የማይገኝ ከሆነ ከፍሬው መጀመር ነው። ለ1 ኪሎ የደረቀ ነጭ በቆሎ 3 ሊትር ውሃና 10 ግራም ኖራ። ኖራው ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ድሬ የሲሚንቶ ከተማ ናት፣ ኖራ ከየት ይጠፋል ብሎ የግድግዳውን ማምጣት አይገባም፤ ንጽሕናው ለሆድ ታስቦ አልተመረመረም። ማንቆርቆሪያው ግርጌ የተጋገረውን ነጭ ድንጋይ አይቶ «ውሃችን ራሱ ኖራ አይደል እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። የማንቆርቆሪያው ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ልጣጭ የሚያላላው ደግሞ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ድስቱም አሉሚኒየም አይሁን፣ ኖራው ይበላዋል። የማይዝግ ብረት ወይም ቀለሙ ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ድስት ይሁን።

በቀስታ 40 ደቂቃ ያህል ቀቅሉት። አንዱን ፍሬ በጥፍር ስትፍቁት ልጣጩ ከለቀቀ፣ ሲነከስ ደግሞ መሐሉ ገና ጠንካራ ከሆነ ደርሷል፤ እሳቱን አጥፉ። መሐሉም ከለሰለሰ አልፏል፣ ሊጡ ሙጫ ይሆንባችኋል። ሐረር ላይ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩበት፤ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃው ሐረር ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ከነውሃው ለ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ይደር። ኖራው ውስጥ እስካለ ድረስ በሙቀትም ቶሎ አይኮመጥጥም፤ ታጥቦ ከተፈጨ በኋላ ግን በዚያው ቀን መሽተት ይጀምራል፣ ስለዚህ የማትጋግሩትን ወዲያው ፍሪጅ። ሦስት ውሃ እያሸችሁ እጠቡት።

መፍጨቱ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ወፍጮ ቤት እርጥብ እህል አይቀበልም፣ ትክክልም ነው፤ ድንጋዩን ይደፍንበታል። የሥጋ መፍጫ በትንሹ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ያሳለፈው ደህና ሊጥ ይሆናል። ብሌንደር ያለ ውሃ አይዞርም፣ በውሃ ሲዞር ደግሞ ሊጡ አጥሚት ይሆናል።

ኖራውም መፍጫውም የሌለው ቤት አንድ መውጫ አለው፦ 200 ግራም ተራ የበቆሎ ዱቄትና 100 ግራም ፉርኖ ዱቄት ቀላቅሎ እንደ ገንፎ በፈላ ውሃ ማሸት። ከ220 ሚሊ ሊትር ጀምራችሁ እያያችሁ ጨምሩ። የፈላው ውሃ ስታርቹን ስለሚያበስለው ሊጡ መጫኛው ላይ ይያዛል። ጣዕሙ ግን የኖራው ሽታ የለበትም፤ ስሙን ቂጣ ብንለው ይቀለናል። ለታኮ ይሆናል፣ ለኤንቺላዳ ግን ሶሱ ውስጥ ይበተናል።

ስለ ማሽላ ሳናነሣ ማለፍ ለሐረርጌ ሰው ነውር ነው። ሆንዱራስና ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ቶርቲያ ከማሽላም ይጋገራል፣ እዚያም በኖራ ተቀቅሎ። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ኖራውም የመቀቀያው ጊዜም ከበቆሎው ያነሰ ይሁን። ነጩን ማሽላ ምረጡ፤ ቀዩ ኖራ ሲነካው ይጠቁራል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ለእኩል ከበቆሎ ጋር መቀላቀሉ ይሻላል።

መጋገሪያው ወፍራም ብረት ምጣድ ወይም ከባድ መጥበሻ ነው። የእንጀራ ምጣዳችሁን ለዚህ አትንኩት፤ ዘይት ከነካው በኋላ እንጀራው ይጣበቅባችኋል። የማያጣብቅ መጥበሻም እንዲህ ባለ ደረቅ ኃይለኛ እሳት ቅቡ ይጎዳል። ምጣዱ በደንብ ይጋል። ቶርቲያውን አሳርፉ፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ ዳሩ ሲለቅ ገልብጡ፤ ሁለተኛው ፊት ወደ 1 ደቂቃ፤ እንደገና ገልብጡና መሐሉን በጣት ጫን አድርጉት። ያን ጊዜ መነፋት አለበት። ካልተነፋ ወይ ምጣዱ አልጋለም፣ ወይ ሊጡ ደርቋል፣ ወይ ወፍሯል። የተጋገረውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው መሶብ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት፤ በራሱ እንፋሎት የሚለሰልሰው እዚያ ነው። ሜክሲኮዎችም ጨርቅና ቅርጫት ነው የሚጠቀሙት። የሐረር ስፌቱን ግን ለእንግዳ አስቀምጡት፣ እንፋሎት ቀለሙን ያበላሸዋል።

ለ20 ቶርቲያ አንድ መካከለኛ የፈረንጅ ዶሮ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ 30 ግራም ያህል የተበጣጠሰ ሥጋ ይደርሰዋል። የሀበሻ ዶሮም ይሆናል፣ መረቁ እንዲያውም ይበልጣል፤ ግን ሁለት ሰዓት ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። የፈረንጁ በተቃራኒው ሲንተከተክ ከዋለ ክር ይሆናል። ውሃው ፈልቶ እሳቱ ይቀነስ፤ ፊቱ ይንቀጠቀጥ እንጂ አይንፈቅፈቅ። ቴርሞሜትር ያለው ወፍራሙ ቦታ ላይ 74 ዲግሪ ሲያይ ያውጣ፣ የሌለው ጭኑን ወግቶ የሚወጣው ፈሳሽ የጠራ መሆኑን ይይ። ከነመረቁ ለብ ሲል በእጅ በጣጥሱት። ለወጥ እንደለመድነው በሎሚና በጨው ዘፍዝፎ ማቆየት እዚህ አያስፈልግም፤ ሎሚ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ ፊቱ እንደ ጠመኔ ይሆናል።

ለመጫኛው ቶርቲያ በጣም የሚስማማው ቲንጋ ነው፤ የተበጣጠሰ ዶሮ በቲማቲምና በበርበሬ ሶስ፣ የሜክሲኮዋ ፑዌብላ ምግብ። 5 ቲማቲም፣ 1 ቀይ ሽንኩርትና 2 ፍንጭል ነጭ ሽንኩርት ከሰል ላይ እስኪጠቁሩ ጥበሱ። በሜክሲኮ የጭስ ጣዕሙን የሚሰጠው ቺፖትሌ የተባለው በጭስ የደረቀ ቃሪያ ነው፤ እሱ ስለሌለ ከሰሉ ይተካዋል። 4 ዛላ በርበሬ ፍሬውን አራግፋችሁ ትኩስ ምጣድ ላይ በየፊቱ ለጥቂት ሰከንድ አሙቁ፣ 15 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ከተጠበሱት ጋር ፍጩ። በርበሬው ካረረ ይመራል፣ ጣሉት። የተዘጋጀውን የበርበሬ ዱቄት መጠቀም ይቻላል የሚል አለ። ይቻላል፤ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ግን አብሮ ይገባል፣ የሚወጣውም ዶሮ ወጥ በቶርቲያ ነው። 2 ሽንኩርት በቀጭኑ ከትፋችሁ በዘይት አቁላሉ፣ የተፈጨውንና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጦስኝ ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ ይብሰል፣ ከዚያ ዶሮው ይግባ። ማንኪያ ድስቱ ግርጌ ላይ ስትጎትቱ መንገዱ ሳይሞላ መቆየት አለበት። ፈሳሽ ከቀረው ታኮው እጅ ላይ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜም መጫኛው ይሰደባል። ከላይ አይብ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚ። አይባችን አይቀልጥም፣ እንዲቀልጥም አይፈለግም፤ ሜክሲኮዎች ከሚበትኑት ትኩስ አይብ ጋር ቅርብ ነው፣ ጨው ብቻ ጨምሩበት።

ለኤንቺላዳ ቶርቲያውን መጀመሪያ ትኩስ ዘይት ውስጥ በየፊቱ 5 ሰከንድ ንከሩት፤ ዘይቱ ሶሱ ቶሎ እንዳይገባበት ይከለክላል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ገንፎ ነው የሚበላው። ተጠቅልሎ ለሚጠበሰው ፍላውታ ደግሞ ሳምቡሳ የሚጠብስ እጅ ትምህርት አያስፈልገውም። ቶርቲያው ሞቆ ይጠቅለል፣ ቀዝቃዛው ይሰነጠቃልና፤ በስቴኪኒ ይያዝ፤ ዘይቱ 180 ዲግሪ ገደማ ይሁን።

የተረፈው የዶሮ ሥጋ በድሬ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ማደር አይደለም መቆየት የለበትም። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን አንድ ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ውስጥ መግባት አለበት።

የስንዴ ቶርቲያ ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ ለፋሂታ (በቶርቲያ ለሚበላ የተጠበሰ ሥጋ)፣ ይህ መጫኛ አይረዳም። የፉርኖ ሊጥ እጀታው ሲነሳ እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል። 300 ግራም ዱቄት፣ 60 ግራም ቅቤ ወይም የሚረጋ ዘይት፣ 5 ግራም ጨው፣ 170 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፤ 30 ደቂቃ አሳርፋችሁ በ10 ከፋፍላችሁ በመዳመጫ ዳምጡት።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ላስቲክ ስላለው ሰሌዳው ሊጥ አይነካውም፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት። ካጠባችሁትም ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት። ማጠፊያው ላይ ያለው ዘንግ በየጊዜው አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ይፈልጋል፤ ሲጮህ ይነግራችኋል።

በማግስቱ የደረቀውን ቶርቲያ በአራት ቆርጣችሁ ጥበሱት፣ የተረፈውን የቲንጋ ሶስ በመረቅ አቅጥናችሁ አፍስሱበት፤ ቺላኪሌስ ይባላል፣ ከፍርፍር የራቀ አይደለም፣ ለቁርስ።