ፉሪ ያለችው ፉል ቤት፦ ፉሉ አሪፍ፣ ወሬው ግን...

ከታክሲ መጨረሻው ወረድ ብላ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ፉሉ እየተንተከተከ ይመጣል፤ ቃሪያና ሽንኩርት አይሰስቱም። ለጾመኛ በዘይት፣ ላልጾመ በቅቤና በእንቁላል። ሥጋ ስለሌለ የክርስቲያን የሙስሊም ሳይባል ሁሉም አንድ ወንበር ላይ ተጣቦ ይበላል። ሻዩ ግን ስኳር ይበዛበታል።

ቅዳሜ ቁርሴን ያበላሸው አንድ ደንበኛ ነው። ማዶ ያለው ባዶ ቦታ ላይ መስጊድ ሊሠራ ነው መባሉን ሰምቶ "አዛኑ አያስተኛንም፣ ሰፈሩን ሊወርሱት ነው" እያለ ይጮሃል፣ ያውም የፉል ቤቷን ባለቤት፣ የሙስሊሟን እናት ፉል በዳቦ እየጠረገ! ስለ ካርታው ይጠይቅ፣ መብቱ ነው። ግን እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የኛ ድምፅ ማጉያ ሌሊት ሲጀምር እሳቸው አንድ ቀን ቅር ሲላቸው አላየሁም። ደግሞ በ2015 ፉሪ ያለችበት ሸገር ከተማ ሲደራጅ መስጊዶች ፈርሰው፣ ግንቦት ላይ አንዋር መስጊድ በተነሳው ተቃውሞ ሰው መሞቱን እዚህ አካባቢ ማን ረሳው?

እሳቸው ምንም አላሉም። ሻይ ደገሙለት።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ፤ የተቀነሰው ለስኳሩ ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ዳቦ ያልቃል።