የራስ ቅማል፦ ፐርሜትሪን ወይስ ሚዶ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ልጅ ራስ ላይ ቅማል ሲገኝ ምርጫው በአብዛኛው ሁለት ነው፦ 1 በመቶ ፐርሜትሪን (ፀጉር ላይ የሚቀባ ቅማል ገዳይ መድኃኒት) ወይም ጥርሱ የተጠጋጋ ሚዶ። ለሁለቱም ሹሩባው ይፈታ።

አጠቃቀም
ፐርሜትሪን፦ ፀጉሩ ያለ ኮንዲሽነር ታጥቦ በፎጣ ይደርቃል፤ መድኃኒቱ ከሥር እስከ ጫፍ ተቀብቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይታጠባል።
ሚዶ፦ እርጥብ ፀጉር ኮንዲሽነር ተቀብቶ በትንሽ በትንሹ እየተከፈለ ከራስ ቆዳ ጀምሮ ይበጠራል። በ1ኛው፣ 5ኛው፣ 9ኛውና 13ኛው ቀን።

የሚከሽፍበት
ፐርሜትሪን፦ ቅጫሙን ሁሉ አይገድልም። የተረፈው ከሳምንት በኋላ ስለሚፈለፈል በ9ኛው ቀን ገደማ መድገም ግድ ነው፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከተቀባ ከ12 ሰዓት በኋላ ቅማሉ እንደ ቀድሞው የሚንቀሳቀስ ከሆነ መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆናል፤ ደጋግሞ መቀባት ሳይሆን ባለሙያ ማማከር ይሻላል። ለእከክ የሚሰጠው 5 በመቶ ነውና አይምታታ።
ሚዶ፦ አንድ ቀን ከተዘለለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ለከርዳዳ ፀጉር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በደሴ ብርድ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ፣ በሞቀ ውሃ ይሁን።

ወጪ
ሚዶ አንዴ ተገዝቶ ለቤተሰቡ ሁሉ ይበቃል። ፐርሜትሪን ለእያንዳንዱ ቅማል ለተገኘበት ሰው ሁለት ጊዜ ይፈለጋል።

ነጭ ጋዝና የተባይ መርዝ ግን ፈጽሞ አማራጭ አይደሉም፤ ያቃጥላሉ፣ ይመርዛሉ።

ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ሚዶ ብቻ። ጊዜ ለሌላት፣ ብዙ ልጆች ላሏት እናት ፐርሜትሪን ይቀላል።