ብቻውን ለሚጓዝ ሰው፦ ባለ ጎማ ሻንጣ ወይስ የጀርባ ቦርሳ?

«ብቻዬን ልጓዝ ነው፤ ሻንጣ ልግዛ ወይስ የጀርባ ቦርሳ?» ይሄን ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ለሦስቱ በስልክ ቁጭ ብዬ አስረዳሁ። አራተኛዋ ስትደውል ግን ሰለቸኝ። «ቆይ፣ ጽፌ ልላክልሽ» አልኳት። ይኸው።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የጀርባ ቦርሳ ግዙ። ከ35 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ከላይ በገመድ የሚታሰር ሳይሆን እንደ ሻንጣ ዙሪያውን በዚፕ የሚከፈት። አዲሱ ከከበዳችሁ ያገለገለ፣ ግን ኦሪጅናል። ሻንጣ የምመክረው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። አዎ፣ አደላለሁ። አድልዎውን ግን በገዛ ገንዘቤ ነው የገዛሁት።

የመጀመሪያው ሻንጣ ያታለለኝ በዋጋው ነው። ዓይኔን ጥዬበት የነበረው ቦርሳ የሻንጣውን ሦስት እጥፍ ያወጣ ነበር። ሻጩ ሻንጣውን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። አራቱ ጎማዎች እየተሽከረከሩ ልስልሱ ወለል ላይ ተንሸራተተ። አሁን ሳስበው በራሴ እስቃለሁ። ሱቅ ወለል ላይ የማይሄድ ሻንጣ የት አለ?

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ማታ ከአውቶቡስ ወረድኩ። መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንዱ ጎማ ከነመያዣው ተነቅሎ ከኋላዬ ቀርቷል። ሦስት ጎማ ያለው ሻንጣ አይገፋም፣ አይጎተትም። በአንድ እጄ አንጠልጥዬው፣ በሌላው ስልኬን ይዤ አድራሻ እየፈለግኩ፣ ዓይኔ አንዴ ስልኩ ላይ አንዴ መሬት ላይ። እንግዳ መሆኔ ከሩቅ ያስታውቃል። ምንም አልደረሰብኝም። ለሌባ ግን እንደዚያ ሌሊት ተመቻችቼ አላውቅም።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ገልብጦ አየውና ሳቅ አለ። ጎማው የተያዘው በብሎን ሳይሆን በሪቬት፣ ማለትም ተቀጥቅጦ በሚገባ፣ በማይፈታ ምስማር ነው። ሪቬቱን ለማውጣት የውስጥ ጨርቁ ይቀደዳል። ከዚያ ተመሳሳይ ጎማ መፈለግ አለ፤ የየሻንጣው መያዣ ደግሞ ቅርጹ ለየቅል ነው። የጠየቀኝ ሒሳብ የሻንጣውን ዋጋ ግማሽ ነበር። «በዚህ ዋጋማ ሌላ እገዛለሁ» ብዬ ሌላ ገዛሁ። ይሄ ነው ወጥመዱ።

ሁለተኛው ሻንጣ ጎማው ደህና ነበር፤ ያለቀው በእጀታው ነው። የሚመዘዘው እጀታ ውስጥ ቀጭን ዘንግ አለ። ቁልፉን ስትጫኑ ዘንጉ ወርዶ ከታች ያሉትን መቆለፊያዎች ያስለቅቃል። ቱቦው ትንሽ ከጎበጠ አበቃለት። የእኔው ተመዝዞ ቀረ፣ አልገባም አለ። ኤርፖርት ላይ የእጅ ሻንጣ መለኪያው ሳጥን ውስጥ እጀታው ወጥቶ አልገባም። እንደ ጭነት ተቆጥሮ አስከፈሉኝ። የከፈልኩት ከሻንጣው ዋጋ ይበልጣል! አንጀቴ አረረ።

ሦስተኛው ሻንጣ ደግሞ ሳይነካ ነው ያለቀው። ቁም ሳጥን ላይ ከረመ። አውርጄ ስጎትተው ጎማዎቹ እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈረፈሩ። ለካ አንዳንዱ ለስላሳ የፕላስቲክ ጎማ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ብቻ ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። ድምፅ የለውም ተብሎ የሚወደሰው ጎማ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ሒሳቡን እንይ። የሦስቱ ሻንጣ ዋጋ ሲደመር ያንን መጀመሪያ የተውኩትን ቦርሳ ዋጋ ሞላ። የኤርፖርቱ ክፍያ ሲጨመርበት አለፈው። በሦስቱ ሻንጣ የተጓዝኩት 11 ጊዜ ነው። ቦርሳውን በመጨረሻ ገዛሁትና እስካሁን 26 ጉዞ ሄዶልኛል። በጉዞ ስታካፍሉት ሻንጣው ከሦስት እጥፍ በላይ አስከፍሎኛል ማለት ነው። ቦርሳው በዚህ ሁሉ ጊዜ የጠየቀኝ አንድ ዘለበት እና ጥቂት ክር ነው። ዘለበቱ ከአሮጌ ቦርሳ ተቆርጦ ተሰፋ፣ ክሩን እኔው ሰፋሁት።

ሌላ ዋጋም አለ፣ በኪሎ የሚከፈል። የእጅ ሻንጣን በ7 ኪሎ የሚገድቡ አየር መንገዶች አሉ። ባዶ ሻንጣዬ 3 ኪሎ ይመዝን ነበር። ቦርሳዬ 1.3 ኪሎ ነው። በሻንጣ ስሄድ ለልብሴና ለዕቃዬ የሚተርፈኝ 4 ኪሎ ነው፤ በቦርሳ 5.7። ጎማና እጀታ ለመሸከም ብሎ ኪሎ ማባከን ምን ይሉታል?

ከዋጋው በላይ ግን ልቤን ያስጨከነኝ ሽንት ቤት ነው። አትሳቁ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው «አንዴ ዕቃዬን እዪልኝ» የሚላት ጓደኛ የለችውም። ሽንት ቤት ሲሄድ ዕቃው አብሮት መግባት አለበት። አንድ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣዬን ይዤ ጠባቧ ክፍል ገባሁ፤ በሩ አልዘጋ አለ። ሻንጣው ውስጥ ከሆነ እኔ ውጭ፣ እኔ ውስጥ ከሆንኩ ሻንጣው ውጭ። ቦርሳውን ግን በሩ ላይ ያለው መስቀያ ላይ ሰቅላችሁ፣ መስቀያ ከሌለም ደረታችሁ ላይ አንግታችሁ ጉዳያችሁን ትጨርሳላችሁ። ምንም ነገር ስትገዙ ይሄን ጠይቁ። ይዤው ሽንት ቤት መግባት እችላለሁ? ሦስት ፎቅ ደረጃ ሳላርፍ ልወጣበት እችላለሁ? ካልቻላችሁ በዝቷል።

ቦርሳ ስል ያገኛችሁትን ሁሉ ማለቴ አይደለም። ለታናሽ ወንድሜ የታዋቂ ስም የተጻፈበት ኮፒ ገዝቼለት ነበር፣ በኦሪጅናሉ ሩብ ዋጋ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ማንገቻ ከስሩ ተገነጠለ። ስትገዙ ስሙን አትዩ፤ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። እዚያ ላይ ክሩ ጥቅጥቅ ብሎ ተመላልሶ መሰፋት አለበት። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ከተሰፋ መልሱት። ከዚያ ውስጡን ገልብጡ። ውኃ እንዳያስገባ የተቀባው ሽፋን ከተላላጠ ወይም እጅ ላይ ከተጣበቀ፣ በተለይ ያገለገለ ስትገዙ፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢወርድ ተዉት። መጠገኑ አያዋጣም።

ዚፕ ላይ ደግሞ ልቆይ፤ ቦርሳም ሻንጣም የሚሞተው በእሱ ነውና። ዚፑ ላይ ዋይ ኬ ኬ (YKK) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተ የጃፓን ድርጅት ነው፤ ዚፑ በእርግጥ ጥሩ ነው። ችግሩ ሦስት ፊደል ማተም ለማንም አያቅተውም። የወንድሜ ኮፒ ቦርሳም ላይ ነበረ። ስለዚህ ፊደሉን ትታችሁ ዚፑን ፈትኑ። ቦርሳውን በጃኬትም በጋዜጣም ሙሉት፣ ዝጉት፣ ከዚያ ዚፑን በአንድ እጅ ጥጉ ላይ አዙሩት። ጥጉ ላይ ከተንገራገጨ ጉዞ ላይ ይከዳችኋል። ዘግታችሁት ከኋላ የሚከፈት ዚፕ ደግሞ ገና አልሞተም። ብዙ ጊዜ ያለቀው ጥርሱ ሳይሆን ጥርሱን የሚገጥመው ተንሸራታች ብረት ነው፤ አፉ ይሰፋል። በፒንሳ ከኋላው በኩል ግራና ቀኙን በጣም በትንሹ ጫን አድርጉት። በኃይል ከሆነ ይሰበራል። እኔ አንዱን ሰብሬ ነው የተማርኩት።

ቁልፍስ? ብዙ ገንዘብ አታውጡበት። ጥርሱ የክር ጥቅል የመሰለውን ዚፕ በእስኪርቢቶ ጫፍ ወግቶ መክፈት ይቻላል፤ ቁልፉ እንደተንጠለጠለ። ከዚያ ተንሸራታቹን በላዩ መልሶ ሲያስኬዱት ይዘጋል፣ ምልክትም አይተው። የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች በማስተር ቁልፍ የሚከፍቷቸው ቀይ ምልክት ያለባቸው ቁልፎችም አሉ። የእነዚያ ማስተር ቁልፎች ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዓመቱ ሰዎች ከፎቶው ተነስተው ቅጂውን በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ ሠሩት። ቁልፍ የሚጠቅመው እጁን ሰደድ የሚያደርግ ችኩል ሌባን ለመከላከል ነው። ርካሿ ትበቃለች። ለተቀረው ቦርሳው እግራችሁ መሃል ይሁን፣ አንዱን ማንገቻ በእግራችሁ አስገቡት።

ቦርሳ እንከን የለውም አልልም። ጀርባ ያላብሳል። ግርግር ውስጥ ከኋላ ማን እንደሚነካካው አይታይም፤ ስለዚህ የውጭ ኪሱ ውስጥ ከሶፍትና ከውኃ በቀር ምንም አላስቀምጥም። ፓስፖርቴና አንድ ካርድ ሰውነቴ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ካርድ ቦርሳው ስር ነው፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ሌላ ቦታ። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠውን የወገብ ቀበቶ አልገዛሁም። ሱሪዬ ውስጥ በኩል ዚፕ ያላት ትንሽ ኪስ አሰፋሁ። ወጪው የአንዲት ዚፕና የስፌቷ ብቻ ነው፣ ሸሚዝ ስገልጥም አይታይም።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ሦስት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ጫማ እግር ላይ ያለው። ማታ ታጥቦ ጠዋት የሚደርቅ ይሁን። «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» ያላችሁት ሁሉ ቤት ይቅር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ፓወር ባንክ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ስልኩ ከሞተ ካርታውም ትኬቱም ሞተ፤ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ግን ፎርጅዱ በዝቷል። 50,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ተብሎ የተጻፈበት መዳፍ የማይሞላ ነገር አይቻለሁ። በክብደቱ ያዙት። ውስጡ የሚገባው የተለመደው ክብ ባትሪ አንዱ ወደ 45 ግራም ይከብዳል፤ ጥሩው ቢበዛ ወደ 3,500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ እውነተኛ 20,000 ቢያንስ ስድስት ባትሪ ነው። ባትሪዎቹ ብቻ 270 ግራም ይሆናሉ። እጃችሁ ላይ ከቀለለ ቁጥሩ ውሸት ነው። አውሮፕላን ላይ ደግሞ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ጉልበት መለኪያ)። ሚሊአምፒር-ሰዓቱን በባትሪው ቮልት፣ በ3.7 አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉት፤ 20,000 ሲሆን 74 ይመጣል። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ፈታሾች ሊያስቀሩት ይችላሉ፣ ስለዚህ ጽሑፉ የለቀቀ አሮጌ አትግዙ።

አሁን ለነዚያ ጥቂት ሰዎች። ጀርባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ ወይም ከመኪና ወርዳችሁ ሆቴል የምትገቡ ባለ ሱፍ ሠራተኞች ከሆናችሁ፣ እሺ፣ ሻንጣ ግዙ። ባለ ሁለት ጎማ ይሁን። ጎማው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ እንደ ባለ አራቱ አይነቀልም። የውስጥ ጨርቁን ዚፕ ከፍታችሁ እዩ፤ ጎማውና እጀታው በብሎን ከታሰሩ ይፈታሉ፣ ይቀየራሉ። እጀታውን እስከ መጨረሻው መዛችሁ ወዲያ ወዲህ ነቅንቁት፣ መንቀጥቀጡ ከበዛ ይለፋችሁ። እንዲህ ያለው ሻንጣ ደግሞ ዋጋው ከጥሩ ቦርሳ አይርቅም። መጀመሪያ ሮጣችሁለት የነበረው ርካሽነቱ የለም።

አራተኛዋ ጠያቂዬ ይሄን ጽፌ ሳልጨርስ ፎቶ ላከችልኝ። ሻንጣ ገዝታለች፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ አራት ጎማ። «ቅናሽ ነበረው» ትላለች። «ውስጡን ክፈቺና እዪው፤ ብሎን ነው ሪቬት?» ብዬ ጻፍኩላት። መልእክቱን አይታዋለች፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም።