ፊደል የሚያስተምረው አሮጌ ስልኬ፦ ድሮይድካምን አሥር ወር ተጠቅሜበት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አራት ልጆች ፊደል አስተምራለሁ። እኔ ባሕር ዳር፣ እነሱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እዚያ ገና ጠዋት ስለሆነ አንዳንዶቹ ቁርሳቸውን እያላመጡ ነው ዙም ላይ የሚገቡት። ሥራውን ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥሩን ወር ያስተማርኩት አሮጌ ስልኬን የላፕቶፕ ካሜራ አድርጌ ነው። የምጠቀመው አፕ ድሮይድካም ይባላል።

ለምን ስልክ? የላፕቶፕ ካሜራ የሚያየው ፊት ነው። ፊደል ደግሞ የሚለመደው ከአስተማሪው ፊት ሳይሆን ከእጁ ነው። መጀመሪያ ላይ ፊደሉን ጽፌ ወረቀቱን ካሜራው ፊት አነሣው ነበር። ልጆቹ የሚያዩት ያለቀለት ፊደል ነው። እስክሪብቶው ከየት እንደተነሣ፣ የትኛው እግር ቀድሞ እንደወረደ አያዩም። አንድ ቀን ትንሿ ተማሪዬ «ለ»ን ከእግሯ ጀምራ ወደ ላይ ስትወጣ አየኋት። እየጻፈች አልነበረም፤ ሥዕል እየሳለች ነበር። በጣም ከነከነኝ።

ዌብካም (ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ካሜራ) ገዛሁ። ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ፣ በ2,800 ብር። ካርቶኑ ላይ 1080 ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ፎከሱ ግን የማይንቀሳቀስ ዓይነት ነበር። ራቅ ብዬ ስቀመጥ ፊቴን ደህና ያሳያል፤ ወደ ወረቀቱ አስጠግቼ ሳዞረው ፊደሉ ጭጋግ ይለብሳል። ልመልስ ስሄድ «ከተከፈተ በኋላ አንቀበልም» አሉኝ። መሳቢያ ውስጥ የተኛውን ሳምሰንግ ያስታወሰኝ ወንድሜ ነው። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። የኋላ ካሜራው ግን አንድ ጭረት የለበትም፤ ፎከሱም ቅርብ ያለን ነገር ራሱ ፈልጎ ይይዛል።

ድሮይድካም ሁለት ቦታ ነው የሚጫነው፤ አንዱ ስልኩ ላይ፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ። ለዊንዶውስም ለሊኑክስም አለው። ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ፣ ስልኩ ላይ የሚታየውን የቁጥር አድራሻ ላፕቶፑ ላይ መጻፍ ነው፤ አለቀ። ከዚያ ዙም ውስጥ ካሜራ ምረጡ ሲላችሁ ድሮይድካም ተብሎ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አለ፦ ካርድ ይበላል ወይ? ምስሉ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ሲሄድ ቤት ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ከኢንተርኔት ጥቅላችሁ አይቀንስም። የሚበላው ዙም ራሱ ነው።

እኔ ግን ዋይፋዩን ትቼ በገመድ ነው የምጠቀመው። አንደኛው ምክንያት መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ካሜራው ራውተሩን ተማምኖ ከሆነ እሱም ይሄዳል። በገመድ ሲሆን ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ አሮጌው ስልክም ከእሱ ጋር ይቀጥላል። ኢንተርኔቱን ከዋናው ስልኬ በሆትስፖት እሰጠዋለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ሁለተኛው ምክንያት ልጆቹ ናቸው። የምንጠቀመው ዋይፋይ የግቢው ሁሉ ነው። ካሜራው በዋይፋይ ክፍት ሲሆን ያንን አድራሻ ያወቀ የግቢ ሰው በብሮውዘር ከፍቶ ሊያይ ይችላል። ማንንም ጠርጥሬ አይደለም። የሰው ልጆች አደራ ስለሆኑብኝ ነው። ስጨርስም አፑን ሳልዘጋ አልነሣም።

ለገመዱ የስልኩን ዩኤስቢ ዲበጊንግ (ኮምፒውተሩ ስልኩን በገመድ እንዲያዘው የሚፈቅደውን) ማብራት ያስፈልጋል። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ገብታችሁ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ ትነካላችሁ፤ የተደበቀው ማውጫ ይወጣል፤ ዲበጊንጉን እዚያ ውስጥ ታበሩታላችሁ። እኔን ያስቸገረኝ ይሄ ሳይሆን ገመዱ ራሱ ነበር። ሁለት ገመድ ሞከርኩ፤ ሁለቱም ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ላፕቶፑ ግን ስልኩን አላይም አለ። ለካ ርካሽ ገመዶች ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ የሚገቡባቸው አሉ፤ ዳታ የሚያስተላልፉት ሁለቱ የሉም። ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ፎቶ መክፈቱን እዩ። ሦስተኛውን እንደዚያ አድርጌ ነው የገዛሁት፤ ሁለት ሜትር ገመድ፣ እስካሁን ይሠራል።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ፤ ይህን የምጽፈውም ይበልጡን እናንተ እንዳትደግሙት ነው። መጀመሪያ ቀን ስልኩን ከላይ አድርጌ ስጽፍ፣ ዙም ላይ የራሴን ምስል ሳየው ፊደሉ እንደ መስተዋት ተገልብጧል። ድሮይድካም ውስጥ ምስል መገልበጫ አለ። ተጫንኩት፣ ፊደሉ ቀና አለልኝ፣ ደስ ብሎኝ ማስተማር ጀመርኩ። የዚያን ቀን ትምህርት ከከተማዬ ስም መጀመሪያ ተነሣ፤ «ባ»። በትልቁ ጻፍኩ። ልጆቹም ጻፉ። በየተራ ወረቀታቸውን ሲያሳዩኝ አራቱም «ቦ» ጽፈዋል! ግራ ገባኝ። ከአንዱ ልጅ ጀርባ አያቱ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ነበር። «አንቺ ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ ስንማር ባ እንዲህ አልነበረችም። ይቺ ቦ ናት።»

እውነታቸውን ነበር። «ባ» ቀኝ እግሯ ረጅም፣ ግራ እግሯ አጭር ነው። ስትገለብጧት ቀኟ አጥሮ ግራዋ ይረዝማል፤ ያ ደግሞ «ቦ» ነው። «በ» ብቻዋን ብትሆን ሁለት እግሯ እኩል ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም ነበር። ዙም የሚገለብጠው እኔ የማየውን የራሴን ምስል ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ትክክለኛውን ነው የሚያየው። እኔ አፑ ላይ ስገለብጠው ለራሴ አስተካክዬ ለልጆቹ አበላሸሁ። መፍትሔው አፑን አለመንካት፣ ዙም ሴቲንግ ውስጥ ቪዲዮዬን እንደ መስተዋት አሳይ የሚለውን ማጥፋት ነው። ሒሳብ ለምታስተምሩም ያው ነው።

ስልኩን ከላይ የሚይዘውን ነገር ሠፈራችን ያለ አናጢ ሠራልኝ። ከአንድ ሰፊ መቀመጫ ላይ የተነሣ ቋሚ እንጨት፣ ከጫፉ ወደ ፊት የወጣ ክንድ፣ ክንዱ ላይ ለካሜራው የተቦረቦረ ቀዳዳ። ከወረቀቱ አርባ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። በቀኝ እጄ ስለምጽፍ መብራቱን በግራ አደረግሁት፤ አለበለዚያ የእጄ ጥላ ፊደሉ ላይ ያርፋል። መስኮቴ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ምዕራብ ነው። በ11 ሰዓት ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ትተኛለች፤ መጋረጃ ካልዘጋሁ ነጩ ወረቀት ያበራና ቀለሙ ይጠፋል። እጄ ሲገባና ሲወጣ ካሜራው ፎከስ ፍለጋ ይዋልላል፤ ስለዚህ አንዴ ከያዘ በኋላ ፎከሱን መቆለፍ ይሻላል።

ሙቀቱን አትናቁት። ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት፣ ካሜራው፣ ቻርጁ ተደማምረው ስልኩ እንደ ምጣድ ጋለ። ከቨሩን አውልቄ፣ ስክሪኑን አጥፍቼ ነው የቻልኩት፤ ድሮይድካም ስክሪን ጠፍቶም ይሠራል። ስልኩ ሲም የለውም፣ ስለዚህ በመሃል የሚደውል የለም። ድምፁን በስልኩ ማይክ አልወስድም፤ የእስክሪብቶው ፍጭት ሁሉ ይሰማል።

አዲስ ስልክ ያላችሁ ምናልባት ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ አንዳንድ ስልኮች ያለ ምንም አፕ በገመድ ዌብካም ይሆናሉ። አይፎንና ማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ውስጡ ተሠርቶለታል። የእኔ ሳምሰንግ ለዚህ አይደርስም፤ ድሮይድካም ግን ይሠራበታል።

በነፃ የሚሰጠው መደበኛ ጥራት ነው፤ ከፍ ያለውን ለማግኘት ይከፈላል። እኔ ጋ 640 በ480 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው የሚመጣው። ለፊደል በቂ ነው። የ«ቀ» አንገት፣ የ«ቄ» ቀለበት በደንብ ይለያል። በዚህ ምክንያት መክፈል አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ትምህርቱ ሲያልቅ እኒያ አያት ጠሩኝ። ያደጉት ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ ነው። «ሐይቁ ይታይሽ የለ? እስቲ አሳዪኝ» አሉ። ስልኩን ከእንጨቱ አወጣሁት። ሁለት ሜትሩ ገመድ እስከ መስኮቱ ደረሰ። መጋረጃውን ገለጥኩ። እኔ በዓይኔ ዘጌን አያታለሁ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆና ውኃው ላይ ተኝታለች። እሳቸው ግን ዝም አሉ። «ውኃው ይታየኛል» አሉ ቆይተው፣ «ዘጌ የቷ ናት?»

ምስሉን ላፕቶፑ ላይ አየሁት። ውኃውና ሰማዩ ተቀላቅሎ፣ መሃሉ ላይ አንድ የደበዘዘ መስመር አለ። የዚያኑ ዕለት ማታ ለወንድሜ የከፍተኛ ጥራቱን ክፍያ ውጭ ባለ ሰው እንዲያስከፍልልኝ ነገርኩት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳል ብሎኛል።