«ኦነርስ ገብታለች» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ዘንድሮ ልጅ ኮሌጅ የምታስገቡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ ከስቴት ውጪ ካለ ዩኒቨርሲቲ የኦነርስ ደብዳቤ የመጣላችሁ። ኮሌጅ መርጣችሁ የምታሳውቁበት ቀነ ገደብ፣ ሜይ 1፣ ሳይደርስ አንብቡት። እኛ ነገሩ የገባን ዲፖዚቱን (የቦታ መያዣውን) ከከፈልን በኋላ ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። በ2023 ትልቋ ልጃችን ከሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣላት። ወፍራም ወረቀት ነው፤ ወርቃማ ማኅተም አለው። ለኦነርስ ኮሌጅ ተመርጠሻል ይላል። ባለቤቴ እልል አለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገኘን ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በነጻ ገባች አይደል?» አለን። እኛም እንደዚያ ስለመሰለን «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን።

ኦነርስ ግን ነጻ ትምህርት ማለት አይደለም። ተማሪ የማይበዛበት ክፍል፣ ከሌላው ቀድሞ ኮርስ መመዝገብ፣ የተለየ ዶርም፣ መመረቂያ ላይ የምርምር ጽሑፍ፤ በአብዛኛው ይኸው ነው። ለጎበዝ ልጅ ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ትዊሽኑ (የትምህርት ክፍያው) ላይ ግን የሚቀንሰው ነገር ላይኖር ይችላል። እንዲያውም ለኦነርስ ብቻ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። የሚሸፍኑም አሉ፤ የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ማኮሌይ ኦነርስ ኮሌጅ ለስቴቱ ነዋሪዎች ሙሉ ትዊሽን ይከፍላል። ስማቸው አንድ ነው፣ ውላቸው ግን ለየቅል ነው።

አሁን ወደ አዋርድ ሌተሩ፣ ኮሌጁ ወጪውንና እርዳታውን ወደሚዘረዝርበት ደብዳቤ፣ ልምጣ። የዓመቱ ወጪ 52,000 ዶላር። ከሥሩ በደማቁ «ጠቅላላ እርዳታ 47,500» ይላል። 4,500 ብቻ ቀረን ብለን ተቃቀፍን። ዝርዝሩን በደንብ ያየሁት ክረምቱን፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነው። የኮሌጁ ስኮላርሺፕ 16,000። የኦነርስ ሽልማት 4,000። በልጅቷ ስም ሎን (ብድር) 5,500። የመጨረሻው መስመር «ፓረንት ፕላስ 22,000» ይላል። ሎን የሚል ቃል አጠገቡ የለም። እኔ የወላጅ ድጎማ መስሎኝ ነበር። ለካ በእኔ ስም የሚወሰድ ብድር ነው። እርዳታ ካሉት ውስጥ የማንመልሰው 20,000 ብቻ ነበር።

ይህን ብድር ስወስድ ደሞዝህ ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሚታየው ክሬዲት (የብድር ታሪክ) ላይ ትልቅ ችግር መኖር አለመኖሩ ነው እንጂ የመክፈል አቅም አይደለም። ገና ከመነሻው 4.228 በመቶ ይቆረጣል። ከ22,000ው ወደ 930 ዶላር ኮሌጁ ጋ ሳይደርስ ቀረ፤ እኔ ግን የምከፍለው ሙሉውን ነው። የዚያ ዓመት ወለድ 8.05 በመቶ ነበር። መቁጠር የሚጀምረውም ልጅቷ ስትመረቅ ሳይሆን ብሩ ከተለቀቀበት ቀን ነው።

የማኅበራችን ሰዎች አዋጥተው 1,500 ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጧት። ዩኒቨርሲቲው ያንን ሲያይ ከራሱ ስኮላርሺፕ 1,500 ቀነሰ። የእናቶች ብር ለእሷ ሳይሆን ለኮሌጁ ገባ ማለት ነው። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሜሪላንድ በ2017 ባወጣችው ሕግ የስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆች የልጁ እርዳታ ከሚያስፈልገው እስካልበለጠ ድረስ እንዲህ ማድረግ አይችሉም። እሷ የገባችው ግን ሌላ ስቴት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ማታ ደወለች። «አባዬ፣ 3.42 ነው» አለችኝ። ኬሚስትሪ ነው የጎተታት። ስኮላርሺፑ 3.5 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይጠይቃል። 16,000ው ሄደ። የኦነርሱ 4,000 ደግሞ መጀመሪያውኑ የአንድ ዓመት ነበር፤ ከታች በትንሹ ተጽፏል። ልጄ ስታለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «አሳፈርኳችሁ» ትላለች። 3.42 ያመጣች ልጅ!

ይህ የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2022 ባወጣው ሪፖርት 91 በመቶ የሚሆኑ ኮሌጆች ቤተሰብ በትክክል የሚከፍለውን ዋጋ በአዋርድ ሌተራቸው ላይ ወይ አያስቀምጡም ወይ አሳንሰው ያሳያሉ።

ስለዚህ እርሳስ አንሡ። ሎን የሆነውን ሁሉ ሰርዙ። በቤተሰብ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ጣሪያ 5,500 ነው፤ ከዚያ ያለፈ ብድር ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እናንተ የሚዞር ነው። ከዚያ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውሉ። ስኮላርሺፑ ለአራት ዓመት ነው ወይ? ስንት ጂፒኤ ይጠይቃል? ከጂፒኤው ቢወርድ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል ወይስ ወዲያው ይቆማል? የኦነርስ ክፍያ አለ? የኦነርስ ዶርም ግዴታ ነው? መልሱን በኢሜይል አስልኩ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ሌላም ልብ በሉ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር ወላጅ ለአንድ ልጅ ከፓረንት ፕላስ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ አያገኝም። ቀዳዳውን በባንክ ሎን ድፈኑ፣ ኮሳይን አድርጉ (ከልጁ ጋር አብራችሁ ፈርሙ) የሚላችሁ አይጠፋም። እዚያ ላይ ቆም በሉ። ኮሳይን ካደረጋችሁ ዕዳው የእናንተም ነው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመቱ የአካባቢ ኮሌጅ) ስንባል ደግሞ ፊታችንን አናጥቁር። እዚሁ ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የራሱ የኦነርስ ፕሮግራም አለው፤ ሞንትጎመሪ ስኮላርስ ይባላል። ልጄ ተመልሳ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባች፣ አሁን እዚሁ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውራለች። ከዚያኛው የኦነርስ ሴሚናሮቿ 6 ክሬዲት ምርጫ ኮርስ ብቻ ሆነው ተቆጠሩ። እኔ የዚያን ዓመት ዕዳ እየከፈልኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለታናሽ ወንድሟም ደብዳቤ መጣ። ወፍራም ወረቀት፣ ማኅተም፣ ኦነርስ። ሰኞ ጠዋት ደወልኩ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ያነጋገረችኝ ሴትዮ «በጽሑፍ እልክልዎታለሁ» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ አልፈርምም።