ወገብ ላይ የሚታጠቅ የመምህር ድምፅ ማጉያ፦ ምኑን አይቶ መግዛት፣ እንዴት መጠቀም

ለመምህር ጉሮሮ ተብለው ከሚሸጡ ነገሮች ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው፦ ወገብ ላይ የሚታጠቅ ትንሽ ስፒከር፣ ጆሮ ላይ ከሚጠለቅ ማይክሮፎን ጋር። ከረሜላና ሽሮፕ ጉሮሮን ለጊዜው ያለሰልሳሉ እንጂ የድምፅ አውታሮችን አይነኩም፤ የሚዋጥ ነገር እዚያ ቢደርስ ያስላል። ማጉያው ግን ጉዳቱን ከምንጩ ይይዛል። የድምፅ አውታሮች ስንናገር በሰከንድ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ጊዜ ይጋጫሉ፤ የሴት ከወንድ ይበልጣል። በጩኸት ጊዜ ግጭቱ ይበረታል፣ ውሎ አድሮም እንደ መዳፍ መጅ ያለ እብጠት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የድምፅ ሕክምና ተመራማሪው የኔልሰን ሮይና የባልደረቦቹ ጥናት ድምፃቸው የተጎዳ መምህራንን ሲያወዳድር፣ ማጉያ የተጠቀሙት ተሽሏቸዋል፤ የእንክብካቤ ምክር ብቻ ያገኙት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም።

ሲገዙ በዋት አይታለሉ። ከ10 ወደ 20 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ጆሮ እምብዛም አይለየውም። ለአንድ መማሪያ ክፍል 10 ዋት ይበቃል። ዋናው ማይክሮፎኑ ነው፦ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቀበል፣ ስፖንጅ ያለው፣ ገመዱም በ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ የሚነቀል ይሁን። ቀድሞ የሚበጠሰው ገመዱ መሰኪያው ሥር ስለሆነ፣ የማይነቀል ከሆነ ሙሉ ዕቃው ይጣላል።

ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚወጣ መምህሩ የራሱን ንግግር ወደኋላ እየሰማ ምላሱ ይተሳሰራል። በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ይሻላል፤ ግን ቻናል የሚቀየርለት ካልሆነ የጎረቤት ክፍል መምህር ድምፅ በእርስዎ ስፒከር ሊወጣ ይችላል። ባለ ገመዱ ሁለቱም ችግር የለበትም።

ማይክሮፎኑን ከከንፈር ጥግ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ያርቁ፣ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን። ፊት ለፊት ከሆነ «በ»፣ «ፐ» እና «ጰ» በወጡ ቁጥር ስፒከሩ ዱብ ዱብ ይላል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ 6 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል፤ ያንን ለማካካስ ድምፁ ሲከፈት ፉጨት ይመጣል። ፉጨት ስፒከሩ ያወጣውን ማይክሮፎኑ መልሶ ሲቀበል የሚፈጠር ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው መምህሩ ወደ ሰሌዳ ሲዞር ነው፤ የወገቡ ስፒከር ድምፅ ግድግዳውን ይመታና ይመለሳል። ስለዚህ እየጻፉ አለመናገር፣ ወይም ስፒከሩን ፈትቶ ከተቀመጡ ተማሪዎች ጭንቅላት ከፍ ባለ ቦታ ወደ እነሱ አዙሮ ማስቀመጥና ከኋላው መቆም ያዋጣል። የመጨረሻው ረድፍም የሚጠቀመው ከዚህ ነው፤ ወገብ ላይ ሲሆን ድምፁን የፊተኞቹ ተማሪዎች አካል ይጋርደዋል።

ትልቁ ስህተት ማጉያውን ታጥቆ መጮህን መቀጠል ነው። ሰው በጫጫታ መሃል ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ የሎምባርድ ክስተት ይባላል። የማጉያውን ድምፅ ከዜሮ ጀምረው፣ አንድ ሜትር ላይ ላለ ሰው እንደሚያወሩ እየተናገሩ፣ የኋላው ረድፍ እስኪሰማ ብቻ ይክፈቱት። ከሳምንት በኋላ በዓረፍተ ነገር መሃል ድንገት ያጥፉት፤ ኋላ የተቀመጡት አሁንም ያለችግር የሚሰሙ ከሆነ እየጮሁ ነው።

ግድግዳውና ወለሉ ባዶ ሆኖ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ መሣሪያው ደካማ ነው፤ ማስተጋባቱንም አብሮ ያጎላል። እዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ መናገር ይሻላል። 4 ሳምንት ያለፈው የድምፅ መሻከር ደግሞ የማጉያ ጉዳይ አይደለም፤ የጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ባትሪው ሊቲየም ነው። በረጅም እረፍት ባዶውን ከተቀመጠ ሊሞት ይችላል፤ ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ ሙቀት በሌለበት ያኑሩት።