ኖራ ወይስ ሲሚንቶ? የድሮ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ልስን

በከረጢት የሚሸጠው የግንባታ ኖራ ለድሮ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከሲሚንቶ በብዙ ይሻላል። ነገር ግን የኖራው ዓይነት ካልተለየና የልስኑ ወቅት ካልታወቀ ገንዘብም ድካምም በመጀመሪያው ክረምት ታጥቦ ይሄዳል።

የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በምዕራብ ኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919፣ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በሳዮ፣ በዛሬው ደምቢ ዶሎ ነው። ከዚያ ያደገችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ብትዋሐድም፣ «ቤቴል» የሚለው ስም ዛሬም በሲኖዶሶቹ ስም ውስጥ አለ። ከእነዚያ ዘመናት በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው የቆዩ ጸሎት ቤቶች ዕድሜያቸው የሚወሰነው በልስናቸውና በጣሪያቸው ነው። በጅማም ሆነ ከዚያ ወዲያ በኢሉባቦር፣ ምእመኑ ለእድሳት ገንዘብ ሲያዋጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ሲሚንቶ መሆኑ ያሳዝናል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ቤቱን የሚጎዳውም እሱ ነው።

የጭቃ ግድግዳ ከመሬትና ከዝናብ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ደረቅና ድፍን ቅርፊት ስለሆነ መተንፈሻውን ይዘጋል። ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፣ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ከሦስትና ከአራት ክረምት በኋላ ግድግዳውን በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ተለያይቷል ማለት ነው። ከኋላው ያለው ማገርና የቋሚው እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥም በዚያ ጨለማ ሳይታይ ይወጣል። ቋሚው ባህር ዛፍ ከሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል፤ ጽድ የተሻለ ይችላል። ምስማር ወደ ቋሚው እግር ሲገፋ ያለ ጉልበት ከገባ፣ ልስን ከመታሰቡ በፊት እንጨቱ ይቀየር።

አሁን ወደ ኖራው። በጅማ ዙሪያ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ የእርሻ ኖራ በብዛት ይገኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የእርሻ ኖራ ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለማሳ መድኃኒት ቢሆንም ግድግዳ ላይ አይጠነክርም፣ አሸዋ አይዝም። መለያው ቀላል ነው፦ አንድ ማንኪያ ዱቄት ላይ ኮምጣጤ ማፍሰስ። በኃይል አረፋ ከደፈቀ ወይ የእርሻ ኖራ ነው፣ ወይም አየር የገባው የተበላሸ የግንባታ ኖራ ነው። ሁለቱም አይገዙ። ከረጢቱ የተቀደደ ወይም በእርጥብ መሬት ላይ የተደረደረ ከሆነ መፈተኑን እንኳ አያስፈልገውም።

ዱቄቱ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በበርሜል ውስጥ፣ ውኃው ከላይ እስኪሸፍነው ተነክሮ ይደር፤ ሁለት ሳምንት ከቆየ ደግሞ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። በዱቄት ፈንታ ገና ውኃ ያልነካው የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ የሚጠቀም ሰው ኖራውን ወደ ውኃው ይጨምር፣ ውኃውን ወደ ኖራው ፈጽሞ አያፍስ፤ ይፈላና ይረጫል። የዓይን መከላከያና ጓንት ግዴታ ነው። ድብልቁ 1 የተነከረ ኖራ ለ3 የተነፋ ንጹሕ አሸዋ በባልዲ ይለካል። ለመጀመሪያው ዙር በአንድ ባልዲ ድብልቅ አንድ እፍኝ የተከተፈ ቃጫ ይግባበት፤ ስንጥቅ ይቀንሳል። በድምሩ 15 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ልስን በ10 ካሬ ሜትር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ደረቅ ኖራ ይበቃል።

አሮጌው ጭቃ በምስማር ተጭሮ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ውኃ ተረጭቶበት ነው የሚለሰነው። መጀመሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛው፣ ቀጭኑ ዙር። በየዙሩ ለ5 ወይም ለ6 ቀን እርጥብ ጆንያ ተሰቅሎ ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጭበት። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ ይህም ያለ እርጥበት አይሆንም። በፀሐይ ቶሎ የደረቀ ልስን በእጅ ሲዳሰስ ዱቄት ይለቃል።

ጉድለቱ ይኸው መዘግየቱ ነው፤ ሲሚንቶ በቀናት የሚጨርሰውን ኖራ በወራት ይሠራዋል። በጅማ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ሥራው በኅዳር ተጀምሮ በጥር ቢያልቅ ይመረጣል። በሚያዝያ የተለሰነ ለክረምቱ አይደርስም።

ሲሚንቶ ቀድሞ የተለሰነ ከሆነ ሁሉንም በመዶሻ መናድ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ብቻ በመሮ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር እየተቆረጠ ይነሣ፤ የያዘው እስኪለቅ ይቆይ።

የውጪው አፈር ከፍ ብሎ የድንጋዩን መሠረት ከሸፈነ ግን የትኛውም ልስን አያድነውም። አፈሩ ተነሥቶ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ይታይ፤ የቆርቆሮው ጠርዝም ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨትና ጭቃ ሆኖ ይህን ያህል የቆየው ጣሪያው ግድግዳውን በሰፊው ስለጋረደው ነው። አሸንዳ ሲሰቀል ውኃው የሚፈስበት ቦይ አብሮ ይቆፈር፤ ከአሸንዳ ወርዶ ቋሚው ሥር የሚጠራቀም ውኃ ልስኑን ከታች ጀምሮ ይበላዋል።

ለቀለም የሚሆነው ቀጭን የኖራ ወተት ነው፣ 4 ወይም 5 ጊዜ ተቀብቶ። ፕላስቲክ ቀለም ከላይ ከተቀባ ግን ልስኑ ትንፋሹ እንደ ሲሚንቶ ይታፈናል፤ ቀለሙም በሁለተኛው ክረምት ፊኛ እየሠራ ይላጣል።